የዝናብ ካርታ ለስልክ፦ ኢንተራክቲቭ የዳታ ግራፊክ የመሥራት ማስታወሻ

ደረጃ 1 — ጥያቄውና ወረቀቱ

የሚሠራው የኢትዮጵያን ዝናብ በዞን ደረጃ፣ ከ1981 እስከ 2024 እ.ኤ.አ.፣ በስልክ ብሮውዘር የሚያሳይ ገጽ ነው። ኮድ ከመከፈቱ በፊት ወረቀት ላይ የሰፈረው ጥያቄ፦ «እኛ አካባቢ የዚህ ወቅት ዝናብ ከወትሮው በምን ያህል በለጠ ወይም አነሰ?» ሌላው ሁሉ ከዚህ ጋር እየተመዘነ ይገባል ወይም ይወጣል።

የመጀመሪያው ረቂቅ የዓመት ስላይደር (በጣት የሚንሸራተት መምረጫ)፣ የወር ስላይደር፣ የወቅት ቁልፍ፣ የክልል ምርጫ፣ የቀለም ምርጫ፣ የመነጻጸሪያ ዘመን ምርጫና የማጫወቻ ቁልፍ ነበረው። ለእያንዳንዱ አንድ ፈተና ቀረበለት፦ ይህን ስነካው ለጥያቄው የማገኘው መልስ ይለወጣል? የቀለም ምርጫ አይለውጥም፤ ወጣ። የክልል ምርጫ የዞን ፍለጋ ካለ ትርፍ ነው፤ ወጣ። ማጫወቻው ብዙ አከራክሮ ወጣ። 44 ዓመት በተከታታይ ሲሮጥ ዓይን ያለፈውን ምስል ስለማይዝ 1984ን ከ2015 ጋር ማነጻጸር አይቻልም። በእሱ ፋንታ 44 ትንንሽ ካርታዎች በ4 ዓምድና በ11 ረድፍ ተደረደሩ። ሁሉም በአንድ ላይ ይታያሉ፣ ምንም ንክኪ አይጠይቁም።

የዓመት ስላይደሩም ብዙ አልቆየም። 320 ፒክሰል ስፋት ላይ 44 ዓመት ሲደረደር ለአንድ ዓመት የሚደርሰው 7 ፒክሰል ያህል ነው፤ ጣት ያንን አይመታም። ትንንሾቹ ካርታዎች ራሳቸው ቁልፍ ሆኑ፦ የተነካው ዓመት ወደ ትልቁ ካርታ ይወጣል። ከጎኑ «ያለፈው» እና «ቀጣዩ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ተጨመሩ። እንግዲህ የቀረው ወቅት፣ ዓመትና ዞን ብቻ ነው።

የኮምፒውተር ገጽታ ተመራማሪው ቤን ሽናይደርማን በ1996 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ቅደም ተከተል (መጀመሪያ አጠቃላዩ፣ ከዚያ ማጉላትና ማጣራት፣ ዝርዝሩ ሲጠየቅ) ለሰፊ ስክሪን እስካሁን ጥሩ መነሻ ነው። በስልክ ላይ ግን ሰው የሚጀምረው ከራሱ ቀዬ ነው። ስለዚህ የዞን መፈለጊያው ከካርታው በላይ ተቀመጠ፤ አጠቃላዩ ካርታ ከሥሩ ይከተላል።

ደረጃ 2 — ዳታው

ምንጩ ቺርፕስ ሥሪት 2 ነው፦ የሳንታ ባርባራው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር የሚያወጣው፣ የሳተላይት ኢንፍራሬድ ምስልን ከጣቢያ ልኬት ጋር ያዋሃደ የዝናብ ግምት። ከ1981 ይጀምራል፣ ጥራቱ 0.05 ዲግሪ (5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው፣ በነፃ ይወርዳል። ለወቅት ድምር ይታመናል። የአንድ ቀን ዶፍን ግን ያለሰልሳል፤ ለደራሽ ጎርፍ ማሳያ አይሁን።

የፋይል መጠን አስቀድሞ ይሰላ። የዓለሙ ፋይል 7,200 በ2,000 ፒክሰል ነው፤ ሳይታመቅ አንዱ 57.6 ሜጋባይት ይሆናል። ከምሥራቅ 33–48፣ ከሰሜን 3–15 ዲግሪ ሲቆረጥ 300 በ240፣ ማለትም 72,000 ፒክሰል ይቀራል፤ ይህ 288 ኪሎባይት ነው። የአፍሪካ ክፍል ለብቻው ተቆርጦ ስለሚገኝ እሱን ማውረድ የኢንተርኔት ወጪን በብዙ ይቀንሳል። ሶፍትዌሩ ሁሉ ነፃ ስለሆነ በዚህ ሥራ ኪስ የሚነካው ይህ ማውረድ ነው።

የጊዜው ክፍል ዴካድ ሆነ፤ ማለት የወሩ 1–10፣ 11–20 እና ከ21 እስከ ወሩ መጨረሻ። ወርሃዊ ድምር ብቻ ቢወሰድ የዝናቡ መቋረጥ ይደበቃል። ሰብል አበባ ላይ ሳለ ዝናብ ለ20 ቀን ቢጠፋ ገበሬው ይጎዳል፣ የወቅቱ ድምር ግን «መደበኛ» ይላል። በዓመት 36 ዴካድ፣ 44 ዓመት፣ ዞኖቹን 100 ብለን ብናሰላ 158,400 ቁጥር ይሆናል። በጄሶን (ዳታ በተራ ጽሑፍ የሚጻፍበት ቅርጽ) ወደ 800 ኪሎባይት ይጠጋል። ቁጥሩ በ10 ተባዝቶ በ16 ቢት (2 ባይት) ሙሉ ቁጥር ሲቀመጥ 317 ኪሎባይት ነው፣ በጂዚፕ ከመታመቁ በፊት። ከፍተኛው ሊያዝ የሚችለው 3,276.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ዴካድ ከበቂ በላይ ነው።

የዞን አማካይ ሲሰላ የተሰበሩ ነገሮች፦

- ዳታ የሌለበት ፒክሰል ዋጋው −9999 ነው። ካልተሸፈነ አማካዩ ውስጥ ይገባና «አሉታዊ ዝናብ» ይወጣል። አስቸጋሪው ጥቂት ፒክሰል ብቻ ሲገባ ነው፤ ውጤቱ ከዜሮ በላይ ሆኖ ትንሽ ብቻ ይዛባል። ስለዚህ ከማንኛውም ስሌት በፊት የእያንዳንዱ ፋይል ዝቅተኛ ዋጋ ይታይ።
- አንድ ፒክሰል 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ለትንንሽ ዞኖች «መሐሉ ፖሊጎን (የዞኑ ወሰን የሚሠራው ቅርጽ) ውስጥ የወደቀ ፒክሰል ብቻ ይቆጠር» የሚለው የተለመደ ዘዴ ጥቂት ፒክሰል ብቻ ይተዋል። ፒክሰሉ ፖሊጎኑ ውስጥ ባለው ስፋት ልክ የሚመዘንበት አማካይ ተወሰደ፤ ኤግዛክትኤክስትራክት የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ይህን ይሠራል።

ደረጃ 3 — የወሰን ፋይል

ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2023 ክልል ሆነዋል፤ የድሮ ወሰን ፋይል ለዛሬ አንባቢ ስህተት ነው። ዝናቡ በፒክሰል ስለተቀመጠ ግን አንድ የዛሬ ወሰን በ44ቱም ዓመት ላይ ሊጫን ይችላል። በቆጠራ ዳታ ይህ አይሞከርም።

ዳታና ካርታ የሚገናኙት በፒ-ኮድ (ለእያንዳንዱ የአስተዳደር አካባቢ የተሰጠ መለያ ኮድ) ይሁን፣ በስም ፈጽሞ አይሁን። የላቲን አጻጻፉ ከፋይል ፋይል ይለያያል፤ ሸዋ ብቻውን ሁለት ሦስት ዓይነት ሆኖ ይመጣል። በስም ሲገናኝ ያልተገናኘው ዞን ዝም ብሎ ባዶ ይሆናል፣ ባዶው ደግሞ «ዝናብ የለም» ይመስላል።

ወሰኑን ማቅለል፦ ፖሊጎን በፖሊጎን ሲቀለል የጋራ ድንበሩ ሁለት የተለያየ መስመር ይሆንና ነጭ ስንጥቅ ይፈጠራል። ማፕሼፐር የተባለው የካርታ ማቅለያ መሣሪያ የጋራውን መስመር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚይዝ ስንጥቅ አይኖርም። 5% ነጥብ ተይዞ ሲቀለል ለስልክ ይበቃል፤ ትንንሽ ቅርጾች እንዳይጠፉ «ቅርጽ ጠብቅ» የሚለው አማራጭ መብራት አለበት። ውጤቱ የጋራ ድንበርን አንድ ጊዜ ብቻ በሚጽፈው የካርታ ፋይል ዓይነት፣ በቶፖጄሶን ወጣ።

ዲ3 (ግራፊክ የሚስል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ላይ ሲጫን አንድ ዞን መላውን ካርታ በቀለም ሞላው። ዲ3 ፖሊጎንን በሉል ላይ ነው የሚያየው። የውጭ ቀለበቱ ነጥቦች በሰዓት አቅጣጫ ካልሄዱ «ከዚህ ዞን ውጭ ያለው ዓለም ሁሉ» ብሎ ይተረጉመዋል። የጂኦጄሶን (የተለመደ የካርታ ፋይል ዓይነት) ደረጃ ደግሞ ተቃራኒውን አቅጣጫ ይጠይቃል። ስለዚህ ትክክለኛ ፋይል ሆኖም ይሰበራል። መፍትሔው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው፤ ፋይሉ ላይ አንድ ጊዜ ይሠራ፣ በየጭነቱ አይሁን።

ደረጃ 4 — ቀለም፣ ወይም «ወትሮ» ማለት ምን ማለት ነው

መጀመሪያ የተሞከረው ጥሬ ሚሊ ሜትር በሰማያዊ ጥልቀት ነበር። ውጤቱ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ካርታ ነው፦ ምዕራቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ አፋርና ሶማሌ ነጭ። ይህ የአየር ጠባይ ትምህርት ነው እንጂ ለተነሳው ጥያቄ መልስ አይደለም። ስለዚህ ካርታው የሚያሳየው ከ1991–2020 አማካይ አንጻር ያለውን መቶኛ ሆነ።

የዘመኑ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ቀንሷል። መነጻጸሪያው ወደ ቅርብ ዘመን በቀረበ ቁጥር «ወትሮው» ራሱ ዝቅ ይልና ቅነሳው ከካርታው ላይ ይጠፋል። 1991–2020 የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የአሁኑ መደበኛ ዘመን ስለሆነ ተያዘ። ምርጫውን ለተጠቃሚ ከመስጠት ይልቅ ዘመኑ በካርታው ራስጌ ላይ በግልጽ ተጻፈ፤ ምርጫ ያለው ሰው ሁለት የሚጋጩ ካርታዎችን ይዞ የትኛውን እንደሚያምን ሳያውቅ ይቀራል።

መቶኛም ወጥመድ አለው። ወትሮው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦታ 12 ቢዘንብ 300% ይሆናል፣ ካርታውም በደማቅ ቀለም «ጥጋብ» ይላል። ወትሮው ከ50 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ዞንና ወቅት በግራጫ ተሸፍኖ «ዋና የዝናብ ወቅት አይደለም» ተባለ። ዳታ የሌለው ግን በሰያፍ መስመር እንጂ በግራጫ አይታይም፤ ሁለቱ መለየት አለባቸው።

ቀለሙ ከቡናማ ወደ ሰማያዊ-አረንጓዴ የሚሄድ ሁለት ጫፍ ያለው፣ ከለርብሪወር ከተባለው የካርታ ቀለሞች ማውጫ የተወሰደ ስብስብ ነው። ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ሰዎችም ያነቡታል። መቁረጫዎቹ 50፣ 75፣ 90፣ 110፣ 125 እና 150% ናቸው። ያልተቆራረጠ የቀለም ሽግግር ያምራል፣ ግን 83% ይሁን 78% ማንም ከቀለም አያነብም። የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎቹ ክሊቭላንድና ማክጊል በ1984 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ዓይን መጠንን በትክክል የሚያነበው በጋራ መስመር ላይ ካለ ቦታ ነው፤ የቀለም ጥልቀት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነው። ስለዚህ ቀለሙ «የት?» ለሚለው ብቻ ይሠራል። «ስንት?» ለሚለው ዞኑ ሲነካ ከሥር የሚከፈተው የዴካድ ባር ቻርት አለ። በእያንዳንዱ ባር ላይ የወትሮው መካከለኛ ዋጋ በአጭር ጥቁር ሰረዝ ይታያል።

ደረጃ 5 — ካሌንደር

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው፣ ሊወስድም ይገባል።

ዳታው በፈረንጆች ወር ነው፣ አንባቢው ግን «ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቆመ» ይላል። ጁላይን «ሐምሌ» ብሎ መጻፍ አቋራጭ ነው፣ ግን ሐምሌ 1 የሚውለው ጁላይ 8 ነው፤ በዴካድ ዳታ ላይ ይህ ባሩን ወደ ሌላ ወር ይጥለዋል። ዳታውን ወደ ኢትዮጵያ ወር መልሶ መደመርም ተሞከረ። መስከረም 1 እና ጥቅምት 1 በተለመደው ዓመት ከወሩ 11ኛ ቀን ጋር ስለሚገጥሙ ዴካዱ ልክ ይገባል። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ያድጋል፦ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7። እስከ 4 ቀን ዝናብ ወደ ተሳሳተ ወር ይቆጠራል።

የተያዘው መፍትሔ፦ ዳታው አይነካ። ባሮቹ በእውነተኛ ቀናቸው ይሳሉ፤ የአግድሙ መስመር ምልክቶች ብቻ የኢትዮጵያ ወር በሚጀምርበት ቀን ላይ ይቀመጡ። ምልክቱ ባር መሐል ቢወድቅ ችግር የለውም፣ እውነቱ እሱ ነው። የቀን ልወጣውን ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው የኢንተርናሽናላይዜሽን ቀን ፎርማተር በኢትዮጵያ ካሌንደር ምርጫው ይሠራዋል፣ ተጨማሪ ላይብረሪ አያስፈልግም። ውጤቱን በክፍል በክፍል መቀበል ይሻላል፤ ከዓመቱ ጋር የሚመጣው የዘመን ቅጥያ ቻርት ላይ ቦታ ይበላል።

የወር ስም ለማሳጠር አንድ ፊደል አይበቃም፤ መስከረምና መጋቢት፣ ጥቅምትና ጥር ይጋጫሉ። ሁለት ፊደል ሁሉንም ይለያል፦ መስ፣ ጥቅ፣ ኅዳ፣ ታኅ፣ ጥር፣ የካ፣ መጋ፣ ሚያ፣ ግን፣ ሰኔ፣ ሐም፣ ነሐ፣ ጳጉ።

የዓመት ስያሜው ሌላ ጉዳይ ነው። ክረምት በሜትሮሎጂ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ስለሆነ አዲስ ዓመትን ይሻገራል። ስያሜው ወቅቱ የጀመረበት ዓመት ሆነ፦ የ2015ቱ ክረምት «ክረምት 2007 ዓ.ም.» ነው። ይህ የ77ን ድርቅ በሚፈልግ ሰው ላይ ችግር ይፈጥራል። ረሃቡ በ1977 ዓ.ም. ቢገንም ያልዘነበው ክረምት የ1976 ነው፤ 77ን የነካ ሰው የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት ነው። በ1976 ትንሽ ካርታ ሥር «የ77 ድርቅ ዝናብ» የሚል ጽሑፍ ተጨመረ። እንዲህ ያለ አንድ መስመር ማብራሪያ ከብዙ ቁልፍ ይበልጣል።

የሰዓት ክልል፦ «2015-07-01» የሚል ጽሑፍ በጃቫስክሪፕት እንደ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) እኩለ ሌሊት ይነበባል። አዲስ አበባ 3 ሰዓት ስለምትቀድም ሁሉም ደህና ይመስላል። ዋሽንግተን ያለ አንባቢ ግን ጁን 30 ያያል፣ ባሩም አንድ ዴካድ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ኮምፒውተሩ ላይ የሰዓት ክልል ቀይሮ ካልተሞከረ አይታይም። ቀኑን ማንበብም፣ በመስመሩ ላይ ማስቀመጥም (ስኬል)፣ መጻፍም ሦስቱም በዩቲሲ ይሁኑ፤ አንዱ ብቻ ከቀረ ስህተቱ ይመለሳል።

ደረጃ 6 — የማረጋገጫ ክስተቶች

ካርታው የታወቀን ድርቅ ካላሳየ የተሳሳተው ካርታው ነው። ክረምት 1984 እና ክረምት 2015 እ.ኤ.አ. በሰሜንና በምሥራቅ በቡናማ ወጡ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች የከሸፉበት ድርቅ ግን በመጀመሪያው ስክሪን ላይ ጭራሽ አልታየም። ምክንያቱ ገጹ ሲከፈት የሚመረጠው ክረምት መሆኑ ነው። ቦረናና ሶማሌ ክረምት ደረቃቸው ነው፤ ዝናባቸው በቦረና ጋናና ሐጋያ፣ በሶማሌ ጉ እና ዴይር በሚባሉት ወቅቶች ነው። በሜትሮሎጂው ክፍፍል እነዚህ በልግና በጋ ውስጥ ይወድቃሉ። «በጋ» የሚለው ቁልፍ ለሰሜኑ ሰው ደረቅ ወቅት ማለት ስለሆነ ማንም አይነካውም።

ሁለት ነገር ተለወጠ። ቁልፎቹ ከስሙ ጋር ወሮቹን ያዙ (በልግ፦ ፌብሩዋሪ–ሜይ፣ ክረምት፦ ጁን–ሴፕቴምበር፣ በጋ፦ ኦክቶበር–ጃንዋሪ)። ዞን ሲመረጥ ደግሞ በአማካይ ብዙ የሚዘንብበት ወቅት ራሱ ይመረጣል። አሁን «ቦረና» ብሎ የፈለገ ሰው ያንን ድርቅ ያለ ተጨማሪ ንክኪ ያየዋል።

ደረጃ 7 — ጣት፣ ፍለጋ፣ ፍጥነት

ስልክ ላይ ሆቨር (ሳይጫኑ ማውስን ማንዣበብ) የለም። በማውስ ጥሩ የነበረው ቱልቲፕ (ብቅ የሚል የማብራሪያ ሳጥን) በስልክ ከጣት ሥር ይደበቃል፣ አንዳንዴም ከተነካ በኋላ ተጣብቆ ይቀራል። ዝርዝሩ ከካርታው ሥር ወዳለ ቋሚ ቦታ ሄደ፣ የሆቨር ቀለም ለማውስ ብቻ ሆነ። የዲ3 ማጉያ ደግሞ የአንድ ጣት እንቅስቃሴን ስለሚወስድ ገጹን ወደ ታች ማሸብለል አልተቻለም። ማጉያው ከነጭራሹ ወጣ። እንደ ጌዴኦ ያሉ ትንንሽ ዞኖች በጣት አይመቱም፤ ለእነሱ መፈለጊያው አለ።

መፈለጊያው ፊደል ማመሳሰል ይፈልጋል። ሐረርና ሀረር፣ ፀ እና ጸ፣ ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ ወደ አንድ ካልመጡ ግማሹ ፍለጋ ባዶ ይመልሳል። በዩኒኮድ እነዚህ ቤተሰቦች ሰባቱንም ሆሄ በአንድ ቅደም ተከተል ስለያዙ ቋሚ ቁጥር መቀነስ ወይም መደመር ይበቃል፦ ሐ ሲቀነስ 16 ሀ ይሆናል፣ ኀ ሲቀነስ 128 ሀ፣ ሠ ሲደመር 16 ሰ፣ ዐ ሲቀነስ 48 አ፣ ፀ ሲቀነስ 8 ጸ። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማምጣት ይቀራል። ይህ በስሞቹም በተጻፈውም ቃል ላይ እኩል ይተገበር፤ የሚታየው ስም ግን እንደነበረ ይቆይ። አዋሳና ሀዋሳ በዚህ አይፈታም፣ የተለዋጭ ስም ዝርዝር ያስፈልገዋል።

44 ካርታ በ100 ፖሊጎን 4,400 ቅርጽ ነው፤ በኤስቪጂ (እያንዳንዱ ቅርጽ ለብቻው በሚያዝበት አሳሳል) ርካሽ ስልክ ላይ ይንቀረፈፋል። ትንንሾቹ በካንቫስ (ሁሉም እንደ አንድ ምስል በሚሳልበት) ተሳሉ፣ ትልቁ በኤስቪጂ ቀረ። ወቅት ሲቀየር የትልቁ ካርታ ቅርጽ እንደገና አይሰላም፣ የሙሌት ቀለሙ ብቻ ይለወጣል። ካንቫስ ለስክሪን አንባቢ (ለዓይነ ስውራን ገጹን በድምፅ ለሚያነብ ፕሮግራም) ባዶ ስለሆነ ያው ቁጥር በሠንጠረዥ ከሥር ተቀመጠ። ፎንት አልተጫነም፤ አንድሮይድ ኖቶ ኢትዮፒክን ይዞ ይመጣል፣ አይፎንም የራሱ አለው። የተመረጠው ዞን፣ ወቅትና ዓመት አድራሻው ላይ ይጻፋሉ፤ በቴሌግራም የተላከ ሊንክ ያንኑ እይታ ይከፍታል። አጠቃላይ የገጹ ጣሪያ 500 ኪሎባይት ነው፣ ስለዚህ ዲ3 ሙሉው ሳይሆን የሚያስፈልጉት ሞጁሎች ብቻ ተወሰዱ።

ደረጃ 8 — ቀሪ ሥራ

የቺርፕስ ጊዜያዊ ዳታ ወዲያው ይወጣል፣ የመጨረሻው ግን በቀጣዩ ወር ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ነው፤ በመሐሉ ቁጥሩ ይለወጣል። ዘንድሮን ለመጨመር ጊዜያዊዎቹ ባሮች ውስጣቸው ባዶ ሆኖ በጠርዝ ብቻ እንዲሳሉ፣ የመጨረሻው ሲደርስ እንዲሞሉ ታስቧል። ያልተጠናቀቀ ወቅት ደግሞ ከሙሉ ወቅት አማካይ ጋር ሊነጻጸር አይችልም፤ መቶኛው እስከዚያው ዴካድ ድረስ ባለው የወትሮ ድምር ላይ መሰላት አለበት። ይህ እስኪስተካከል የዘንድሮው ዓመት ከትንንሾቹ ካርታዎች ውጭ ይቆያል።